ዝናቡን በብርሌ አሰረው ላሉት ልጄ

ለልጄ ለሞላ፣ ከገላባት ወዲህ ላሎብ ዛፍ ሥር ለተኛኸው።

ሞልዬ፣ እንዴት ከረምህ ልልህ አልኩና ተውኩት፤ አፈር የተጫነው ሰው እንዴት ይከርማል። እኔ አለሁ። ከተለየኸኝ ዓመትህ ሊደፍን ነው። ያኔ ስናልፍ ገና አረንጓዴ የነበረው ማሽላ ታጨደ፣ ተወቃ፣ በጋው ምድሩን እንደ ተረከዜ ሰነጣጠቀው፣ አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ አንጋጦ ዝናብ የሚጠብቅበት ወር ተመልሶ መጣ። ተዝካር ላወጣልህ አልቻልኩም። ቄሱን ብጠይቃቸው በስደት አገር ጸሎቱ ይበቃል አሉኝ። እኔ ደግሞ ዓመትህን ዝም ብዬ ማሳለፍ አልሆነልኝም፤ አፌን ታውቀዋለህ። ስለዚህ በተዝካርህ ፋንታ ይህን ጻፍኩልህ። ፊደሉ ቢወላገድ እንዳትስቅብኝ፤ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፣ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው። ሌላ ሰው እጅ ቢገባም ይግባ፣ ያንብበው። የምደብቀው የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቤት ስልህ እንግዲህ ከመፋዛ ወዲህ ባለው ካምፕ ውስጥ፣ ከአገዳና ከሣር የቆመች ነገር ናት፤ ሱዳኖቹ ራኩባ ይሏታል። በአንዱ በኩል ስትገፋት በሌላው ትወጣለች። ሚስትህ አለሚቱ ቁረይሻ ሄዳ ለሰሊጥ የሚሆን መሬት ትመነጥራለች፤ እጇ ተልጧል፣ ግን ትልክልናለች። ያን ሁሉ ዓመት ስነዘንዛት የኖርኩትን ልጅ አሁን ሳላያት ስሰነብት ይጨንቀኛል፤ ይሄን ግን እንዳትነግርብኝ። ዝናሽህ መዝዛለች። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ቀጥዬ አሁን የሚቀጠል ጨርቅ አጣሁ። አረብኛውን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ውኃ ቀጂዎቹ መሀል ቆማ ስትከራከር ብትሰማት ልጅህ አትመስልህም። እኔንም አያቴ ማለት ትታለች፤ ሀቦባ ነው የምትለኝ፣ የነሱ አገር ሴት አያት ማለት ነው። መጀመሪያ ተቆጣሁ፣ አሁን ካልጠራችኝ ይከፋኛል። አፍንጫዋ ያንተ ነው። ጥያቄዋም ያንተ ነው፣ ማቆሚያ የለውም።

ባለፈው ሳምንት ሀቡብ መጣብን። ሀቡብ ምን እንደሆነ አታውቅ፤ አቧራ ነው፣ ግን የኛን አገር አቧራ እንዳታስብ። ከሩቅ ስታየው ተራራ ነው፣ ከምድር እስከ ሰማይ ቆሞ ምንም የማይነቃነቅ ይመስላል። ሲቀርብ ግን ሆዱ ውስጥ ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ አንዱ ጥቅል በሌላው ላይ ይወጣል፣ ይጋጫል፣ ይገለባበጣል። ሰው ሁሉ ወደየጎጆው ሲሮጥ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ዝናሽ እየጎተተችኝ ምን ሆነሻል ትለኛለች። አባትሽን እያዳመጥኩ ነው አልኳት። ያ መደብ ላይ ሆነን የነገርከኝ ነገር እኮ ያኔ ነው ፊት ለፊቴ የቆመው።

ታስታውሳለህ አይደል። ክረምቱ ክረምት መሆኑን ረስቶ፣ ሰማዩ አንዲት ቁራጭ ደመና ሳይዝ ሲያመሽ፣ ደጅ መደቡ ላይ ጋደም ብለን ሰማዩን የሚያቋርጠውን ያን ነጭ የኮከብ መንገድ ታሳየኝ ነበር። መሀሉ ላይ የጠቆረውን አየሽው እማዬ አልከኝ። አየሁት፣ ሰማዩም እንደኛ ቀሚስ አርጅቶ ተቀዷል አልኩህ። ሳቅህና፣ ቀዳዳ አይደለም፣ ከኋላው ያሉትን ኮከቦች የጋረደ ጋዝ ነው አልከኝ። እኔ ጋዝ የማውቀው የኩራዙን ነው፤ ይሄን ሁሉ ማን አፈሰሰው ብዬ ደነገጥኩ። አንተ ግን ሰው ሞኝ ነው ብለህ አታውቅም። ከትንፋሽ የሳሳ ነገር ነው አልከኝ፤ ስፋቱ ግን ብርሃን ራሱ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር የሰው ዕድሜ የሚፈጅበት፣ ቅዝቃዜውም የደጋው ውርጭ እሳት የሚሆንበት። ከሩቅ የተኛ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አያርፍም። አንዱ ጅረት ወዲህ አንዱ ወዲያ ይሮጣል። የሚጋጩበት ቦታ ላይ ጋዙ ይጠቀጠቃል። የተጠቀጠቀው ደግሞ ክብደቱ ራሱን እየጎተተው ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ልቡ ላይ እሳት ይያዛል። ያኔ ኮከብ ተወለደ ይባላል አልከኝ።

አንድ ነገር ደጋግመህ ትለኝ ነበር። የሞቀ ጋዝ አይሰበሰብም እማዬ፣ ይበተናል፤ የሚሰበሰበው የቀዘቀዘው ነው። ይሄን ያዝልኝ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ሁሉ ጋዝ ኮከብ የሚሆነው ጥቂቱ ነው፣ የተወለደውም ኮከብ ነፋሱንና ብርሃኑን እየነዛ ያበቀለውን ደመና ከደጁ ያባርረዋል ስትለኝ፣ ይሄማ ሚስት ያገባ ወንድ ልጅ ነው አልኩህ። አለሚቱ ከውስጥ ሰምታ እስከ ሰንበት አኮረፈችኝ። አንተ በሳቅ ብዛት ከመደቡ ልትወድቅ ነበር።

ከዚያ እኔም የራሴን ጠየቅሁህ። እሺ፣ ይዞራል፣ ይጋጫል አልክ፤ መጀመሪያ ማን አማሰለው? ድስት ጥደህ ብትሄድ ወጡ ራሱን አያማስልም። አላውቅም ስትል ሰምቼህ ስለማላውቅ ደስ አለኝ፣ ልዋሽህ አልችልም። እሱን እኔም ደህና አድርጌ አላውቀውም፣ ጎንደር የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ፣ ስሄድ እጠይቅልሻለሁ አልከኝ። ሄድክ። ስትመለስ ገና ከአጥሩ ማዶ እየሳቅህ ነበር። “እማዬ፣ የአማሳዩን ነገር ይዤልሻለሁ፤ ማታ መደቡ ላይ እነግርሻለሁ” አልከኝ።

ያ ማታ ነው እነሱ የመጡት።

አሁን ስለ አያ ዘለቀ ልጻፍ። እጄ ስሙን መጻፍ አልወደደም፣ ግን ይጻፍ። ያ በረዶ መላሹ። አገሩ ሁሉ ስንዴው እንዳይመታበት እየፈራ በየመኸሩ ከአውድማው የሚሰፍርለት፣ ጥቁር ደመና ሲመጣ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቀንዱን የሚነፋው፣ በረዶው ካልወረደ እኔ መለስኩት፣ ከወረደ ደግሞ እናንተ ጾም ፈታችሁ የሚለው። ያን ዓመት ግን በረዶ የለ፣ ዝናብ የለ፣ አውድማ የለ። ምን ይመልስ? ሰውም ተራ በተራ ደጁ እየሄደ ምን ነው ዝም አልክ ይለው ጀመር። የሚያሳብብበት ሰው ፈለገ። አንተ ነበርህ።

ምክንያቱ ያቺ ብርሌ ናት። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ማታ ማታ ደጃችን ሲሰበሰቡ፣ ያን የሰማይ ነገር በዓይናቸው ያዩት ዘንድ የአባትህን የጠጅ ብርሌ አወጣህ። እርጥብ ጭድ አጭሰህ፣ ጭሱን በሸምበቆ እፍ እያልክ ሆዷ ውስጥ አስገብተህ፣ አፏን በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፈህ ለልጆቹ ታዞርላቸው ነበር። ጭሱ ሲሽከረከር፣ ሲጠላለፍ፣ እርጥብ ጨርቅ ስታስነካት በዚያ በኩል ዝቅ ዝቅ ሲል ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። አንተ ደግሞ ይሄ ማሳያ ብቻ ነው፣ እውነተኛው በራሱ ክብደት ነው የሚወድቀው ብለህ ታርማቸዋለህ። አያ ዘለቀ ይሄን በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ ሄደ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ፣ አስተማሪው ዝናቡን ጠርቶ ብርሌ ውስጥ አስሮታል እያለ ያወራ ጀመር። ጋኔን በጠርሙስ እንደሚያስሩት ሁሉ። ሰው አመነ። ለምን አያምን፣ ሰማዩ ባዶ ነው፣ ብርሌዋ ውስጥ ግን ደመና አለ፤ ልጆቻቸው በዓይናቸው አይተዋል።

ያን ማታ ሲመጡ አልፈራህም። እኔ ነበርኩ የፈራሁት። አያ ዘለቀ ከፊት ቆሞ ዝናባችንን ፍታልን አለህ። አንተ ብርሌዋን ይዘህ ወጣህ። ጭስ ነው አያ ዘለቀ፣ ላሳይዎት ብለህ፣ አንተ እኮ አንቱ ነበር የምትለው፣ ቆረቆንዳውን ነቀልህ። ጭሱ ወጣ፣ ተነነ። ሞልዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ቀና አለ። ያ ሁሉ ሰው፣ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ ክርስትና ያነሣሁላቸው ሰዎች ሁሉ፣ ውኃ እንደምትውጥ ዶሮ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ጠበቀ። ምንም የለም። ኮከብ ብቻ። አያ ዘለቀ ግን የሚያፍር ሰው መሰለህ? ማሰሪያው ጭሱ አይደለም፣ ብርሌዋ ናት ብሎ ከእጅህ ነጥቆ ደጃፋችን ላይ ከሰከሳት። ሰዉ እንደገና ቀና አለ። እንደገና ምንም። ያኔ ነው ድንጋይ መወርወር የተጀመረው፤ ሰው ተስፋው ሁለት ጊዜ ሲከዳው እጁን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል። አንተ እኔንና ዝናሽን ወደ ውስጥ ስትገፋ በባዶ እግርህ ስባሪው ላይ ቆምክ። ጎህ ሳይቀድ ከዚህ አገር ውጡ ተባልን። ወጣን።

መንገዱን አልጽፈውም። አብረን ሄደነዋል። እያነከስክ ዝናሽን አዝለህ፣ እኔን እያሳቅህ ነበር የምትሄደው፤ ምንም አይደለም፣ ጭረት ነው አልከኝ። የአማሳዩን ስጠይቅህም፣ አርፈን ሰማዩን እያየን እነግርሻለሁ አልከኝ። ገላባትን አልፈን ጥላ ሥር ስናርፍ ውኃ ስሰጥህ አፍህ አልከፈት አለ። መንጋጋ ቆልፍ ነው አለን አንድ መንገደኛ። ያን ሁሉ ነገር የሚያውቀው አፍህ። ያቺን የማታ ነገር የያዘው አፍህ። ዓይንህ ያየኝ ነበር፣ የምትነግረኝ እንዳለህ ያስታውቅ ነበር፣ ጥርስህ ግን እንደ በር ተቀርቅሮ ቀረ። በነጠላዬ ገንዤ ላሎቡ ሥር አስተኛሁህ።

ከዚያ በኋላ ጮህኩ። ረገምኩ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ ለማገኘው ሰው ሁሉ አወራሁ፣ ለግመል ነጂው ሳይቀር። ሰው አዘነልኝ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ አለፈ። ቁጣዬ ከአፌ እየወጣ በረሃው ላይ ተበትኖ ቀረ። እዚህ ከደረስን በኋላ ግን፣ በሰልፍ ላይ፣ በውኃ ወረፋ ላይ ቆሜ ስውል፣ ቀዘቀዝኩ። ማውራትም ተውኩ። አለሚቱ አሞሽ ነው ወይ አለችኝ። አላመመኝም። ያልከኝ ነው የደረሰብኝ ልጄ፤ የሞቀው አይሰበሰብም፣ የቀዘቀዘው ነው የሚሰበሰበው። ሆዴ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይወድቅ ጀመር።

እሱም መጣ።

በጋው ሊያልቅ ሲል ነው፣ ከወዲያ ከመጡት ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ለዱራ፣ እዚህ ማሽላውን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ሰልፍ ቆሞ ያየሁት። ሥጋው አልቆ ቆዳ ለብሶ የሚሄድ አጥንት ሆኗል፤ ፊቱን ባየው አላውቀውም ነበር። ቀንዱን ግን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎታል። አገር ሲጠፋ፣ ከብት ሲያልቅ፣ ልጅ ሲቀበር ያን ቀንድ አልጣለውም። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ሥራውን ጀመረ። ሀቡብ ጎጆአችሁን እንዳይገለብጥ እመልስላችኋለሁ እያለ፣ ከእናቶች ራሽን ላይ ጭብጥ ጭብጥ ዱራ ያዘግናል። ዝናቡ ሲዘገይ ምን ሊል እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። አሁንም አንድ ምስኪን ሊፈልግ ነው።

አልጮህኩም። ቁረይሻ ላለው ለወንድሜ ልጅ ለጥጋቡ ቃል ላክሁበት። ጥጋቡን ታውቀዋለህ፣ ወሬ አይወድም። እንደ ሱዳኖቹ ቢላዋውን ክንዱ ላይ አሥሮ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት። አክስቴ፣ የቱ ነው፣ አሳዪኝ ብቻ አለኝ። ሻይህን ጠጣ አልኩት። ጠጣ፣ አላሳየሁትም፤ ግን ጥጋቡ መምጣቱን ካምፑ ሁሉ አወቀ፣ ለምን እንደመጣም አወቀ። አያ ዘለቀም አወቀ። የዱራ ሰልፍ መቆም ተወ፣ ከጎጆው መውጣት ተወ። ያን ሰሞን እንቅልፍ ተኛሁ ሞልዬ። ከሞትክ ወዲህ ደህና አድርጌ የተኛሁት ያኔ ነው። እሱ ነቅቶ እንደሚያድር እያወቅሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ቄሱ መጡ፣ ከገዳሪፍ ሐጂ ሰይድም መጡ፤ ሱቅ ያላቸው የጎንደር ሰው ናቸው፣ የኛ ሰው ሲጣላ እሳቸው ሳይኖሩ አይታረቅም። ከኋላቸው እሱ። እንደ አገራችን ደንብ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ራኩባዬ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ታውቀዋለህ፣ የተበደለው ሰው አንሱለት ካላለ ያ ድንጋይ አይወርድም። እኔ ተቀምጬ ዝናሽን ጸጉሯን መሥራት ቀጠልኩ። ጨርሼ፣ ጫፉን አስሬ፣ ከዚያ ነው ቀና ያልኩት። ያ አንገት ሲንቀጠቀጥ ማየት ምን ያህል እንደጣመኝ ለቄሱም አልተናዘዝኩም፣ ላንተ ግን እነግርሃለሁ። ማር ነው።

ሐጂ ሰይድ በለዘበ አፋቸው ጀመሩ። ይህ ሰው በእጁ አልገደለም፣ ግን ደሙ በእሱ ላይ ነው፤ ራሱም አምኗል። ካሳ የሚሆን ከብት የለው፣ እህል የለው። የሚጠየቀውን አንቺው ንገሪን አሉኝ። ጥጋቡ ቢላዋው ላይ እጁን አድርጎ ያየኛል።

“ሞላ የሚያውቀውን ይወቅልኝ” አልኩ።

ሰዉ ተያየ። እኔ ግን አስቤበት ነበር። እንዲህ አልኳቸው። በየማታው፣ ኮከብ ሲወጣ፣ ድንጋዩን ተሸክሞ እዚህ ይምጣ። ልጆቹ ፊት ይቀመጥ። ኮከብ እንዴት እንደሚወለድ ልጄ ያስተማረውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገር። ከተሳሳተ ከመጀመሪያው ይጀምር። ሲጨርስ ይህን ያወቀው ሞላ ነው፣ ዝናብ አላሰረም፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ይበል። ያኔ ድንጋዩን አንሱለት እላለሁ። በማግስቱ እንደገና ይምጣ። እስከ መቼ ነው አሉኝ ቄሱ። እስክሞት አልኳቸው፤ እሱ ከቀደመኝም እስኪሞት።

ሐጂ ሰይድ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ እኔ ብዙ ደም አስታርቄአለሁ፣ እንዲህ ያለ ካሳ ሰምቼ አላውቅም አሉ። እሱ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ፣ ለጥጋቡ ስጡኝ አለ። እውነቱን ነው፤ ቢላዋው ይቀለው ነበር። ሰማይ የኔ ነው እያለ የኖረ ሰው፣ ሕፃናት ፊት ሰማዩን አላውቀውም ነበር ሊል ነው። ማን ከዚህ ወዲያ ዱራ ያዘግነዋል? ጥጋቡ ተቆጥቶ፣ ደም በወሬ ይመለሳል ወይ አለኝ። ቢላዋህ አንድ ጊዜ ነው የሚወጋው፣ የኔው በየማታው ነው አልኩት። አስቦ አስቦ ሳቀ።

ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ እንዳንተ ታጋሽ አይደለሁም። የመጀመሪያዎቹን ማታዎች ብታይ። ጋዙ ሞቆ ሞቆ ይሰበሰብና ሲል ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ ዝናሽህ ከፊት ተነሥታ፣ ላ ላ፣ አይደለም፣ ከብርድ ነው፣ ከመጀመሪያው ትለዋለች። ድንጋዩን አደላድሎ እንደገና ይጀምራል። ጅረቶቹ የሚጋጩበትን ይረሳል፣ እንደገና። ጋዙ ሁሉ ኮከብ ይሆናል ይላል፣ ጥቂቱ ነው ይሉታል፣ እንደገና። አንድ ቀን የተወለደው ኮከብ ደመናውን ያባርራል የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ለምን አለ። እኔ ሚስት ስላገባ ነው ብዬው ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱ ግን እንደ ትምህርት ይዞት በማግስቱ ደገመው። አላረምኩትም። አትቀየመኝ፤ ከዚያ ሁሉ ትምህርት እኔ ያረፍኩባት ያቺ ቀልድ ብቻ ናት።

ቀንዱን ማንም ሳይነግረው ተወው። ሀቡብ ይመልሳል የሚል ሰው ጠፋ፤ ልጆቹ ናቸው ለእናቶቻቸው የነገሩ።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን ልንገርህ። ሀቡቡ ካለፈ በኋላ በማግስቱ ሰማዩ ታጥቦ ወጣ። ያ ነጭ መንገድ ከምሥራቅ ተነሥቶ፣ መሀሉ ላይ ያንተ ጥቁር። እሱ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ጀመረ። አንድም አልሳተም። ያ ሀቡብም ገብቶት ኖሮ፣ ከሩቅ የቆመ ይመስላል፣ ሆዱ ግን ይፈላል ብሎ ከራሱ ጨመረበት። ልጆቹ የሚያርሙት አጡ። ስምህን ጠራ፣ በደሉን ተናገረ፣ ጨረሰ። አንሱለት ልል አፌን ስከፍት፣ ቀና ብሎ ያን ጥቁር አየው። እንደ ዱሮው አልነበረም አስተያየቱ፤ የሚሸጠው ነገር እንደሚፈልግ ሰው አልነበረም። እንደ ልጆቹ ነው ያየው። ከዚያ ጠየቀኝ።

“እትዬ ይመናሹ፣ መጀመሪያ ይህን ጋዝ ያናወጠው ምንድን ነው?”

ሞልዬ፣ የኔ ጥያቄ ነው። ያቺው ራሷ። አንድም ሰው ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም፣ ይልቁንም እሱ። ልጆቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ፤ ዝናሽም ዞረች። አማሳዩን ማን ይንገራቸው?

“የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር” አልኩት። “ጠይቆልኝ መጥቶ፣ ማታ እነግርሻለሁ አለኝ። በዚያ ማታ አንተ መጣህ።”

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው አየሁት። ስትሞት ያላየውን ያኔ አየው። እስከዚያ ማታ ድረስ የገደለው አንድ አስተማሪ ነበር፣ የይመናሹ ልጅ፤ ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን ሊሰማው የሚፈልገውን ነገር የያዘ ሰው ነው። እንባው መሬት ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁት። ለኔ አላለቀሰም፣ ላንተም አላለቀሰም፤ መልሱን ፈልጎ ነው ያለቀሰ። እኔ ያን ሁሉ ወር የጠበቅሁት ይህን እንደነበር ያኔ ነው ያወቅሁት።

አንሱለት አልኩ። ጥጋቡ ሄዶ ድንጋዩን ሊያነሣለት ሲል፣ በሁለት እጁ ይዞ አላወርድም አለ።

ተውት አልኳቸው። ልጆቹን ወደየቤታቸው ሰደድኩ። እሱ እዚያው ተቀምጦ፣ አንገቱ ላይ ያለው እየከበደው፣ ዓይኑን ግን ወደ ላይ አድርጎ ቀረ።

በጸሎት ይቅር እንዳልኩት አታስብ፤ አልተውኩትም፣ አልተውለትምም። ትናንትም መጥቷል፣ ዛሬም ይመጣል፣ ጨርሶ ያቺኑ ይጠይቀኛል፣ እኔም ያንኑ እመልስለታለሁ። እኔ ስሞት ዝናሽ ትመልስለታለች፤ ነግሬአታለሁ። ከመሞቴ በፊት ላሎቡ ሥር መጥቼ አፈርህን አቃናለሁ፣ ያን ጊዜ ምናልባት ትነግረኛለህ።

አንተን ለማስታወስ ቃል ግቢ እንዳትለኝ። እናትህ ነኝ፣ ማስታወስ ምን ይከብደኛል። አስታዋሽ ያደረግሁልህ እሱን ነው፤ ከእንግዲህ ኮከብ በወጣ ቁጥር አንተን ሳያስብ አይተኛም።

እናትህ ይመናሹ